የሮብ ገበያ ባላገርና የፖሊስ መዝገብ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ በዚህ አዳራሽ ከተለመዱት ትልልቅ የክርክር ርእሶች ጋር የሚቈጠር አይመስልም። የምንናገረው በፖሊስ ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጥ አንድ መዝገብና በዚያ መዝገብ ላይ ስለሚጻፍ አንድ ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ በጎጃም ደጋ ለሚኖር ገበሬ ፍትሕ የሚጀመረውም፥ ብዙ ጊዜም የሚጠፋው፥ ከዚያ ቁጥር ላይ እንደ ሆነ ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ሰሜን፥ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ ለሚወጣ ሰው ሮብ ገበያ ትገኛለች። የስናን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ስሟን የሰጣትም የረቡዕ ገበያዋ ነው። ባላገሩ ገብሱንና ድንቹን ጭኖ፥ በጉን ነድቶ ይመጣል፤ የመንግሥት ጉዳይ ያለበት እንደ ሆነ ገበያውንና ጉዳዩን በአንድ መንገድ ይፈጽማል። እንግዲህ በሬው የተሰረቀበት አንድ ገበሬ በገበያው ቀን ወደ ጣቢያ ገብቶ ቃሉን ሰጠ እንበል። «ሂድ፥ ስንፈልግህ እንጠራሃለን» ይባላል፤ ይሄዳል። በእጁ ግን አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለችም። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ ተዛውሯል። አዲሱ ፖሊስ «በስንት ቁጥር ተመዘገበ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ገበሬው የበሬውን ቀለም፥ የቀንዱን አወጣጥ፥ የጠፋበትን ሌሊት አንድ ሳያስቀር ይናገራል፤ ቁጥሩን ግን አያውቅም። ይህ በየትኛውም የገጠር ወረዳ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው እንጂ አንዱን ጣቢያ ለይተን ለመውቀስ የተናገርነው አይደለም።

ይህ ችግር ከምን መጣ? አባቶቻችን ሌባ ሲጠፋባቸው አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፥ ያየውንና የሰማውን እየማለ ይናገር ነበር። ያ ሥርዓት ጉድለት ነበረው፤ ሰውን ከእርሻው ያስፈታ፥ ንጹሑንም ያንገላታ ነበር። ነገር ግን አንድ መልካም ነገር ነበረበት፤ የተባለውን ነገር ሁሉ ሰው ሰምቶታልና መዝገቡ በሕዝቡ ጆሮ ውስጥ ነበር። የፖሊስ ሠራዊት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ከተቋቋመ በኋላ ግን የምስክሩ ቃል ቀስ በቀስ ከአደባባይ ወደ ደብተር ገባ። ደብተሩ ያለው በአንድ ቢሮ፥ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ እውነት ነው። ወራሹ ግን ጽሑፉ ያለበትን ስፍራ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ሕጉ ይህን ሳያስብ አልቀረም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የክስ አቤቱታ በጽሑፍ እንዲሰፍር፥ ቀን እንዲጻፍበትና አቤት ባዩ እንዲፈርምበት አዟል። መርማሪው ፖሊስም የምርመራውን አካሄድ የሚያሳይ መዝገብ እንዲይዝ፥ ምርመራውንም ያለ በቂ ምክንያት ሳያዘገይ ጨርሶ ለዐቃቤ ሕግ እንዲያቀርብ ደንግጓል። ዐቃቤ ሕጉ አልከስም ሲል ደግሞ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ ይከናወን ይላል፤ የተከሰሰ ሰውም የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት እንዳለው ይናገራል። በመጨረሻም በ2000 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኀን ነጻነትና የመረጃ ነጻነት ዐዋጅ ቁጥር 590 ወጣ። ስዊድኖች እንዲህ ያለውን ሕግ ያወጡት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1766 ነበር፤ እኛ ዘግይተናል፥ ሆኖም ደርሰናል።

ታዲያ ባላገሩ ምን ይጠይቅ? በሦስት ደረጃ ከፍለን እናቅርበው።

አንደኛ፥ ቃሉን በሰጠበት ቀን፥ ከወንበሩ ሳይነሣ፥ የተጻፈው ቃል እንዲነበብለት ይጠይቅ፤ ከዚያም ይፈርም። የመዝገቡን ቁጥር፥ ቀኑንና የመርማሪውን ስም በወረቀት ያስጽፍ። ይህ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ከኋላ የሚመጣውን የአንድ ዓመት ምልልስ ያስቀራል።

ሁለተኛ፥ በኋላ ተመልሶ ሲጠይቅ «ፋይሉን ስጡኝ» አይበል። «በዚህ ቀን፥ በዚህ ቁጥር፥ ስለዚህ ጉዳይ የሰጠሁት ቃል ግልባጭ እንዲሰጠኝ፥ ጉዳዩም ከምን እንደ ደረሰ እንዲገለጽልኝ» ብሎ በማመልከቻ ይጠይቅ። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱን አስገብቶ በሌላው ላይ የደረሰበትን ቀን አስፈርሞ ይያዝ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ ቢጠይቅ፥ የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ጥያቄውን ጽፎ ግልባጩን እንዲሰጠው ዐዋጁ ያዛል። መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት።

ሦስተኛ፥ ጉዳዩ ከፖሊስ እጅ ወጥቶ እንደ ሆነ መዝገቡን በፖሊስ ጣቢያ ሲፈልግ አይዋል። ምርመራው ካለቀ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ክስ ከተመሠረተም በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሌላ ቁጥር ይወጣለታል። በሌላ ክርክር ላይ ያለ ሰውም ያ ሰነድ ቢያስፈልገው፥ ዳኛው ሰነዱ እንዲቀርብ እንዲያዝለት ማመልከት ይችላል።

ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ እንዳናይ ደግሞ የፖሊስን ምክንያት እናንሣ። ምርመራ ሳያልቅ መዝገቡ ለሁሉ ቢከፈት ሌባው ይሸሻል፤ ምስክሩም ይፈራል። ደም በሚፈላለጉ ሰዎች መካከል የምስክር ስም ማውጣት የሰው ሕይወት ማጥፋት ሊሆን ይችላል። የተደፈረች ልጅ ስም በገበያ እንዲወራ የሚፈቅድ ሕግም አንፈልግም። ዐዋጁም ራሱ እነዚህን የመሰሉ ጉዳዮች ከይፋ መግለጫ ለይቷቸዋል። ስለዚህ «የሌላውን ሰው ምስጢር አልሰጥም» የሚል ፖሊስ ትክክል ነው፤ «የራስህን ቃል፥ የራስህን ቁጥር አልሰጥም» የሚል ግን ትክክል አይደለም። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ባላገር ሳይቈጣና ሳይለማመጥ መከራከር ይችላል። ካልሆነለትም ለበላይ አለቃ፥ ለዐቃቤ ሕጉ፥ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይበል።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «አገሩ በተናወጠበት ጊዜ ስለ ግልባጭ ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የብዙ ወረዳ መሥሪያ ቤቶች ሥራ እንደ ተስተጓጐለ እናውቃለን። የእኛ መልስ ግን ይህ ነው፤ ቢሮ ሊዘጋ፥ ወረቀትም ሊቃጠል ስለሚችል ነው ግልባጩ በገበሬው ቤት፥ በሣጥኑ ውስጥ መኖር ያለበት። መዝገቡ ቢጠፋ በእጁ ያለችው ወረቀት ነገሩን እንደገና ታስነሣዋለች።

የታሪክ ተማሪዎችም ምስክር ይሁኑን። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲነሣ፥ ሹማምንት ስለ እርሱ ብዙ ሪፖርት ጻፉ። በዚያ ሪፖርት ገበሬው «ሽፍታ» ነው። ገበሬው ራሱን የሚገልጸው አቤቱታ ጽፎ ባቀረበበት ወረቀት ላይ ነው። አቤቱታ ባይጻፍና ባይቀመጥ ኖሮ ልጆቹ የሚያነቡት የሹሙን ቃል ብቻ በሆነ ነበር።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በመጪው ክረምት ወደ አገራችን ስንመለስ፥ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሁሉ፥ እያንዳንዳችን በገበያ ቀን ጥቂት ሰዓት ለማመልከቻ ጽሕፈት እንስጥ። ገንዘብ አንቀበል፤ ጠበቃ ነን አንበል፤ የሰማነውን የሰው ምስጢር ይዘን አንሂድ። ቀኑን፥ ስሙን፥ ቀበሌውን፥ ቁጥሩን አስተካክለን እንጻፍለት፤ ከመፈረሙ በፊትም እናንብብለት። ደብተርና እርሳስ ገዝቶ ትምህርት ቤት የላከን ያ ገበሬ ነው። እኛ በተማርነው ፊደል የራሱን ቃል ለራሱ ብናስመልስለት ዕዳችንን ከፈልን ባንልም መክፈል ጀመርን ማለት እንችላለን።