ውሰትና ሳቅ

በካራቆሬ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር




እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ ሲጠቃለል አንድ ጥያቄ ነው። ተዋናይ የራሱ ያልሆነውን ሕዝብ ልብስ ለብሶ፣ አነጋገሩን ቀድቶ፣ በዚህም ተመልካች ቢያስቅ ሥራው ጥበብ ነው ወይስ ዝርፊያ? በውጭው ዓለም ይህ ክርክር የባህል ንጥቂያ የሚል ስም ተሰጥቶት ብዙ ተጽፎበታል። እኛ ግን ጉዳዩን የምንመረምርበት ከቤታችን የወጣ ቃል አለን፤ ይኸውም ውሰት የሚለው ነው። ድግስ የደገሰ ሰው ከጎረቤቱ ድስቱን፣ መሶቡን፣ ብርጭቆውን ይዋሳል። መዋሱ ነውር ሆኖ አያውቅም። ነውሩ የተዋሱትን ሰብሮ መመለስ፣ ይባስ ብሎም የእኔ ነው ብሎ ማስቀረት ነው። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገውም ይህንኑ ነው፤ የሰውን አነጋገር በመድረክ መዋስ የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን ዕዳ አለበት።

ይህን ጥያቄ በካራቆሬ ማንሣት ተገቢ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ በጀውሃ፣ በሰንበቴና በአጣዬ አልፎ እዚህ ይደርሳል። በስተምዕራብ ደጋው፣ በስተምሥራቅ ወደ አፋር የሚወርደው ቆላ አለ። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በዚህ መስመር የሚገናኙት በገበያ ነው፤ ከገበያዎቹም የሰንበቴው የእሑድ ገበያ ስሙ ገንኖ ይጠራል። በእንዲህ ያለ ገበያ ሻጭና ገዥ እንዲግባቡ አንዱ የሌላውን ቋንቋ መሞከር አለበት፤ ሲሞክርም መሳሳቱ አይቀርም።

ስሕተቱ ግን የሞኝነት ምልክት አይደለም፤ ሕግ አለው። በኦሮምኛ «ዘ» የሚለው ድምፅ ከሌላ ቋንቋ በገቡ ቃላት ካልሆነ በቀር አይገኝም። ስለዚህ በኦሮምኛ አፉን የፈታ ሰው አማርኛ ሲናገር «ዘ»ን ወደ ሌላ ድምፅ ቢወስዳት አያስደንቅም። በአንጻሩ ኦሮምኛ «ዸ» የሚባል ድምፅ አለው፤ በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ይህን ድምፅ «ደ» ብሎ ያልፈዋል። እንደዚሁም በኦሮምኛ አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉም ይለወጣል፤ «ለገ» ወንዝ ሲሆን «ላጋ» ላንቃ ነው። ርዝመቱን ያልለመደ አማርኛ ተናጋሪ ወንዝ ተሻገርሁ ያለ መስሎት ላንቃ ተሻገርሁ ቢል ሰሚውን ማሳቁ የታወቀ ነው። አርጎብኛም የአማርኛ የቅርብ ዘመድ የሆነ ራሱን የቻለ ቋንቋ እንጂ የተበላሸ አማርኛ አይደለም።

እንግዲህ በገበያው ሳቅ አለ። ያ ሳቅ ግን ብድር ያለው ሳቅ ነው። በዚህ እሑድ በባልንጀራው አማርኛ የሳቀ ሰው በሚመጣው እሑድ በራሱ ኦሮምኛ ይሳቅበታል። ብድር በምድር ነውና ተካክሰው ይለያያሉ። ከሁሉ በላይ የሚሳቅበት ሰው እዚያው ቆሞአል፤ መልስ ይሰጣል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ ከከፋውም እህሉን ጭኖ ይሄዳል።

ወደ መድረካችን ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። እንደ ተስፋዬ ካሳ፣ እንደ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ያሉ ኮሜዲያን አጭር ቀልድን በየቤቱ አስገብተው ሕዝቡን አስደስተዋል፤ ውለታቸው አይረሳም። ቀልዱ እየተስፋፋ ሲሄድ ግን ከኋላ የመጣው ብዙው ሠራተኛ የያዘው ቀላሉን መንገድ ነው። አማርኛ የሚኮላተፍበት ነጋዴ፣ ከተማ ገብቶ መንገድ መሻገር የቸገረው ባላገር፣ ከቆላ የመጣ አርብቶ አደር፤ እነዚህ የታወቁ የቀልድ ሰዎች ሆኑ። ገጸ ባሕርያት እንዳንላቸው ያስቸግራል። ገጸ ባሕርይ ፍላጎት፣ ዐሳብና ከሌላው ጋር የሚያጋጨው ዓላማ ሊኖረው እንደሚገባ የሙያችን ሀሁ ነው። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ግን አፍ መክፈት ብቻ ነው፤ አፋቸውን ሲከፍቱ አዳራሹ ይስቃል። ቀልድ የተባለው ዘዬው ራሱ ነው። ጸሐፊው የፈጠረው ነገር የለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ምሳሌ ለእንዲህ ያለው ጽሑፍ የተነገረ ይመስላል።

በዚህ አሠራር ደጋፊዎች በኩል ሦስት መከራከሪያዎች ይቀርባሉ፤ ሦስቱም ሊናቁ አይገባም።

የመጀመሪያው «ተዋናይ ካልተዋሰ ምን ሊሠራ ነው?» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። የአገራችን የመጀመሪያ ተውኔት ተብሎ የሚታወቀው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ከፈረንሳዊው ከላ ፎንቴን ተረቶች የተቀዳ ነበር። የተዋሱትን ግን ምን ላይ እንዳዋሉት እናስተውል። አውሬዎቹን ያናገሩት በፈረንሳዮች ለመሳቅ ሳይሆን የገዛ አገራቸውን አስተዳደር ለመንቀፍ ነው። ነቀፌታው የደረሳቸው ሹማምንትም ነገሩ ስለ ገባቸው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር እንዲከለከል ሆነ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የሞልየርን «ታርቱፍ» እና «የፌዝ ዶክተር» በአማርኛ ሲያቀርብ የተሳቀው በእኛው ግብዞችና በእኛው አስመሳይ ዐዋቂዎች ነው። ከሌላው ተውሶ በራስ መሳቅ ማንንም አይዘርፍም፤ የአበዳሪውንም ክብር ይጨምራል።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ዘዬው የተቀዳበት ሰው ራሱ ይስቃል፤ እናንተን ምን አስቆጣችሁ?» የሚል ነው። የአበው መልስ አጭር ነው፤ ጥርስ ባዳ ነው። በሚስቁ ሰዎች መካከል ብቻውን የተቀመጠ ሰው ካልሳቀ ዓይን ሁሉ ወደ እርሱ ስለሚዞር ይስቃል። ከሳቁ በኋላ በልቡ ምን እንደ ቀረ ግን አዳራሹ አይጠይቅም።

ሦስተኛው ከሁሉ የረቀቀው ነው። «ስላቃችን ያነጣጠረው በኃያሉ ላይ ነው፤ የተዋስነው ዘዬና ልብስ መሣሪያ ብቻ ነው» ይላል። ይህን መከራከሪያ ለመመዘን እኛ ራሳችን መሣሪያ የሆንንበትን ቀን ማስታወስ ይበቃል።

በ1902 ዓ.ም. ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1910 ሆራስ ኮል የተባለ እንግሊዛዊ ቀልደኛ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ድሬድኖት በምትባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ ወጣ። አራቱ ፊታቸውን አጥቁረው፣ ጢም ለጥፈው፣ ጥምጥምና ካባ ለብሰው የሐበሻ ልዑላን ነን አሉ። ከአራቱ አንዷ በኋላ ቨርጂኒያ ዉልፍ ተብላ ስመ ጥር ደራሲ የሆነችው ወጣት ነበረች። አስተርጓሚ ነኝ ያለው ወንድሟ ከግሪክና ከላቲን ግጥሞች የቃረመውን እያጣመመ ሲናገር መኰንኖቹ የእኛ ቋንቋ መሰላቸው። ባሕር ኃይሉም የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ቢያጣ የዛንዚባርን ሰቅሎ እንግዶቹን በክብር ተቀበለ። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ለንደን ሳቀች።

ስላቁ ያነጣጠረው በታላቁ ባሕር ኃይል ትዕቢት ላይ ነበር፤ ዒላማውንም መትቶአል። ቀልደኞቹ በኢትዮጵያ ላይ ክፋት አላሰቡም ይሆናል። ይሁን እንጂ የዐድዋ ድል ከተገኘ 14 ዓመት እንኳ ሳይሞላ ሐበሻ ማለት ጥቁር ቀለም፣ ጥምጥምና ትርጉም የሌለው ጩኸት ማለት ሆኖ ቀረበ። በዚያች መርከብ ላይ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ኢትዮጵያዊ ግን አልነበረም። ይህን ስንሰማ የሚሰማን ቅሬታ አርጎባው ወይም አፋሩ በእኛ መድረክ ራሱን ሲያይ ከሚሰማው ቅሬታ በምን ይለያል?

ይኸው ነገር በእኛ ዘመን ተደግሞአል። ሳሻ ባረን ኮኸን የተባለው እንግሊዛዊ ኮሜዲያን እ.ኤ.አ. በ1998 አሊ ጂ የተባለ ገጸ ባሕርይ ይዞ ብቅ ሲል ትልቅ ክርክር ተነሣ። ደጋፊዎቹ የሚሳቀው ጥቁሮችን ለመምሰል በሚጣጣረው ወጣት ነው አሉ፤ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ሰበቡ ምንም ይሁን ምን ሳቁ የሚያርፈው በጥቁሮቹ አነጋገር ላይ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ቦራት በተባለው ፊልሙ ደግሞ የካዛክስታን ጋዜጠኛ ነኝ ይላል፤ አፉ ላይ የሚሰማው ግን በአብዛኛው ዕብራይስጥ ነው። ቦራት የተወለደበት ነው ተብሎ የታየው መንደር የሚገኘው በካዛክስታን ሳይሆን በሮማንያ ነው፤ ግሎድ ይባላል፤ ነዋሪዎቹም ድኾች ናቸው። ዘጋቢ ፊልም ይሠራል ተብለን ተታለልን፣ የተከፈለንም ጥቂት ነው ብለው ቢከሱ ክሱ አልሠመረላቸውም። ካዛክስታን ግን መንግሥትና ገንዘብ ነበራትና እ.ኤ.አ. በ2020 የቦራትን የታወቀ አነጋገር የቱሪስት መጥሪያ አድርጋ ብድሯን መለሰች። የግሎድ ሰዎች በምን ይመልሱ? ፊልሙ አሜሪካኖችን ለመንቀፍ የተሠራ ነው ቢባልም ዕዳው የቀረው ከአሜሪካኖቹ ጋር ሳይሆን ከአንዲት ደኻ መንደር ጋር ነው።

እንግዲህ ዘዬ የሚዋስ ሁሉ ይውገዝ ማለቴ አይደለም። ብድሩን የሚመልስ ሳቅ በአገራችን ሞልቶአል። የፎገራውን ሰው አለቃ ገብረ ሐናን እንመልከት። በስማቸው ከሚነገሩት ቀልዶች አለቃ መኳንንቱን የረቱባቸው ብዙ ናቸው፤ ሚስታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ ወይም አንድ ባላገር አለቃን አፍ ያስያዙባቸውም እንዲሁ ይነገራሉ። ሕዝቡ ሁለቱንም ዓይነት ጎን ለጎን ያኖራቸው ነገር ስለ ገባው ነው፤ ተቀላጁ መልስ ያለው ሰው ሲሆን ቀላጁም ይከበራል። መንግሥቱ ለማም በ«ጠልፎ በኪሴ» የገጠሩን የጠለፋ ጋብቻ ወደ ከተማ ሲያመጣ በቀላሉ በባላገሩ ሊያስቀን ይችል ነበር። እርሱ ግን የሚያስቀን የጥንቱን ልማድ ከገጠር ተውሶ በአዲስ አበባ ሊሠራበት በቃጣው በዘመናዊው ወጣት ነው። ይህ የተዋሱትን ሳይሰብሩ መመለስ ነው።

የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የኪነ ጥበብ ፈጠራንና ክዋኔን ከክልከላው ለይቶ አስቀምጦአል። ይህ ትልቅ ነፃነት ነው፤ ሊነካብንም አይገባም። ዳኛው ገለል ባለበት ቦታ ግን ኃላፊነቱ የሚወድቀው በሙያተኛው ላይ ነው። እኛ ራሳችን ልጓም ካላበጀን፣ አንድ ቀን ሌላው ልጓም ይዞ ይመጣል፤ የሚመጣውም ልጓም በመጥፎው ቀልድ ብቻ ሳይሆን በ«ፋቡላ» ልጆች ሁሉ አፍ ውስጥ ይገባል።

ይህን ስናገር የምንገኝበትን ስፍራ አልረሳሁም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በካራቆሬና በአካባቢው ሰው ሞቶአል፣ ቤት ተቃጥሎአል፣ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሎአል። ይህን መከራ ቀልድ አመጣው ብል ውሸታም እባላለሁ። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ዘመን የጎረቤት አነጋገር ወደ ጆሮአችን ሲደርስ አስቀድሞ የሚመጣልን የሰው መልክ ነው ወይስ የማንነት ምልክት የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በዚህ ረገድ መድረክ ጆሮን ያሠለጥናል። አንድን ዘዬ ለብዙ ዓመት ከቂልነት ወይም ከተንኰል ጋር ብቻ አቈራኝቶ ያሰማ መድረክ፣ ያ ዘዬ ሲናቅ ወይም ሲፈራ እጄ የለበትም ማለት አይችልም። በአሜሪካ ቶማስ ራይስ የተባለ ነጭ ተዋናይ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ ፊቱን አጥቁሮ ያስቅበት የነበረው የጂም ክሮው ስም ከጊዜ በኋላ ጥቁሩን ከነጩ ለሚለዩት ሕጎች መጠሪያ ሆኖአል።

ስለዚህ የመድረክ ተዋሽ ሦስት ግዴታዎች ያሉበት ይመስለኛል። አንደኛ፣ የሚዋሰውን ቋንቋ በቅጡ ይማር፤ የስሕተቱን ሕግ ያላወቀ ሰው በስሕተቱ ሊቀልድ መብት የለውም። ሁለተኛ፣ ለገጸ ባሕርዩ ዐሳብና መልስ ይስጠው፤ ሁልጊዜ የሚሸነፍ ሰው ገጸ ባሕርይ አይደለም። ሦስተኛ፣ ባለ ዘዬው በጽሑፉም፣ በትወናውም፣ በገቢውም ድርሻ ይኑረው፤ እርሱም በተራው የእኛን የከተማ አማርኛ ተውሶ እንዲያስቅብን መድረኩን እንልቀቅለት።

የጽሑፍ ገምጋሚዎቻችንም አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ እወዳለሁ። ደራሲው በሰው ዘዬ የተጻፈ ቀልድ ይዞ ሲመጣ «ይህን በእሑድ ቀን በሰንበቴ ገበያ መካከል፣ ዘዬው የተቀዳበት ሰው ባለበት፣ ጮክ ብለህ ትጫወተዋለህን?» ብለው ይጠይቁት። አዎን ካለ ይጫወተው፤ ምናልባትም ከሁሉ አስቀድሞ እዚያው ይጫወተው። ካመነታ ግን ጽሑፉን ይዞ ይመለስና እንደ ገና ይሥራው።