ዝናብ የመታው ሚዛን የሰጠንን ቁጥር ምን እናድርገው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ወረታ)



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ ስለ ሚዛን። ብዙዎቻችሁ የዓመቱን ድምር ለመስማት እንደመጣችሁ እናውቃለን፤ እሱን ገንዘብ ያዣችን ታቀርባለች። ነገር ግን ድምር የሚታመነው በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ሲታመን ነው። በዘንድሮው መዝገባችን ደግሞ ዝናብ የመታው ሚዛን የሰጠን ቁጥር አለ። ምን እንዳደረግንበት አባላትም ደጋፊዎችም የማወቅ መብት አላችሁ።

ፎገራ ከውሃ ጋር የሚኖር አገር ነው። ርብና ጉማራ ክረምት ሲገባ ሞልተው ሜዳውን ያለብሱና ጣና ይገባሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በእኛም በሊቦ ከምከምም ያደረሰውን ጎርፍ የማታስታውስ እናት እዚህ የለችም። ይኸው ውሃ ግን ሩዝንም ሰጥቶናል። ድሮ በከብቱ ብቻ ይታወቅ የነበረው ሜዳ በደርግ ዘመን ሩዝ ከገባበት ወዲህ ስሙ ከሩዝ ጋር ይነሣል፤ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ወረታ ነው። ሩዛችን በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። በዚያ ወቅት ዝናብ አይጠበቅም። ሲመጣ ግን ነዶውንም፣ ጆንያውንም፣ ሚዛኑንም ሜዳ ላይ ያገኛቸዋል።

ማኅበራችን የአባላትን ሩዝ በጋራ ያከማችና ዋጋ ሲሻሻል ይሸጣል። እያንዳንዷ አባል ያስገባችው ኪሎ በስሟ ይጻፋል። የሽያጭ ድርሻዋም፣ ልትበደር የምትችለው ገንዘብም የሚታየው በዚያው ኪሎ ነው። በአንድ ጆንያ ላይ የ2 ኪሎ ስሕተት ምንም አይመስልም፤ በ10 ጆንያ ግን 20 ኪሎ ነው። አምስት ልጅ ለምታሳድግ እናት 20 ኪሎ ሩዝ ቀላል ነገር አይደለም።

ባለፈው ኅዳር ርክክብ ላይ እያለን ካፊያ ጀመረ። ጥቂት ጆንያዎች ከተመዘኑ በኋላ ጸሐፊያችን አንዱን ጆንያ ሁለት ጊዜ ብታስቀምጠው ሚዛኑ ሁለት የተለያየ ቁጥር አሳያት። ጠርጥር ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ይባል የለ? ሥራው በዚያው ቆመ።

ዲጂታል ሚዛን ለምን እንዲህ ይሆናል? በውስጡ ጭነቱን የሚሸከም ብረት አለ። ብረቱ ላይ እጅግ ቀጭን የብረት ክር ተለጥፏል። ጆንያው ሲጫን ብረቱ ለዓይን በማይታይ መጠን ይጎብጣል፤ ክሩም አብሮ ይሳብና በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በጥቂቱ ይለወጣል። ሚዛኑ ያንን ለውጥ ወደ ኪሎ ይተረጉመዋል። ለውጡ በጣም ትንሽ ስለሆነ እርጥበት በሽቦው መጋጠሚያ ከገባ ኤሌክትሪኩን ያሾልከዋል። ያኔ የምናነበው ጆንያውን ሳይሆን ውሃውን ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በሌላው ዓለም የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ፔዳሉን የሚረግጡበትን ጉልበት የሚለካ መሣሪያ በብስክሌታቸው ላይ ይገጥማሉ። የሚሠራው እንደ ሚዛናችን በቀጭኑ ክር ነው። በዝናብ ከጋለቡ በኋላ ሰው ሊያወጣው የማይችል ጉልበት አሳይቶ ሊያገኙት ይችላሉ። አንድ እንዲህ ያለ ቁጥር ከገባ የቀኑን አማካይ ሁሉ ያበላሻል። ስለዚህ መሣሪያውን ያደርቁታል፣ ባትሪውን ያያሉ፣ እግር ሳያርፍበት ወደ ዜሮ ይመልሱታል፣ የተበላሸውንም ቁጥር ለይተው ያወጡታል። እነሱ ለልምምዳቸው ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ እኛ ለዓመት ቀለባችን ልንጠነቀቅ ይገባናል።

እህቶቻችን፣ የሚዛን ስሕተት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሦስቱን እንለያቸው።

አንደኛው፣ ባዶው ሚዛን ዜሮ የማይል ከሆነ ነው። ምንም ሳይጫንበት 2 ኪሎ ካለ፣ 62 ያለው ጆንያ በእውነቱ 60 ነው። ባዶው ስንት ይል እንደነበር ከተጻፈ ቀንሶ ማስተካከል ይቻላል።

ሁለተኛው፣ ባዶውን ዜሮ ይላል፤ ጭነት ሲጨመር ግን ስሕተቱም አብሮ ያድጋል። 25 ኪሎውን 24፣ 50ውን 48 ይላል። ይህን የሚያስተካክለው ባለሙያ ነው።

ሦስተኛው፣ ጭነቱ ሳይነካ ቁጥሩ ይዋልላል። አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። ይህንን በመቀነስም በመደመርም ማዳን አይቻልም። መድኃኒቱ አድርቆ፣ አስፈትሾ፣ እንደገና መመዘን ብቻ ነው።

እኛን የገጠመን ሦስተኛው ነበር። በስብሰባው ላይ ዝናቡ የሁላችንንም ስለመታ ቁጥሩ እንዳለ ይቀመጥ ያሉ ነበሩ። ለሁሉም እኩል ይጨመር ያሉም ነበሩ። ሁለቱም ከቅንነት የመጡ ሐሳቦች ናቸው። ነገር ግን የሚዋልል ሚዛን ለአንዷ ጨምሮ ለሌላዋ ይቀንሳል እንጂ ሁሉንም እኩል አይበድልም። ስለዚህ የሚከተለውን ወሰንን።

መጀመሪያ፣ የዚያን ቀን ቁጥር አልፋቅነውም። በአንድ መስመር ሰርዘን ከጎኑ «ሚዛኑ ረጥቦ ሳለ የተመዘነ» ብለን ጻፍን። የተፋቀ መዝገብ ጥርጣሬ ያመጣል፤ የተሰረዘና ምክንያቱ የተጻፈበት ግን ይነበባል።

ቀጥሎ፣ በመጋዘን ያሉት ጆንያዎች ስም ስለተጻፈባቸው ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ ሁሉም እንደገና ተመዘኑ። የአንዳንዶቻችን ኪሎ ከፍ አለ፣ የአንዳንዶቻችን ዝቅ አለ። ዝቅ ያለባቸው እህቶች ተቀብለው ፈርመዋል፤ ጉባኤው ሊያመሰግናቸው ይገባል። የጎደለውን ብቻ የምናስተካክል፣ የተረፈውን ግን ዝም የምንል ከሆነ ማስተካከል ሳይሆን ማድላት ነው።

ከባዱ ግን ወደ መፈልፈያ የሄደው ሩዝ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ የሰጡ አንዲት እናታችን ይገኙበታል። ጆንያቸው ተመልሶ አይመዘንም፤ የተጻፈላቸው ቁጥር ደግሞ ትንሽ ነው። የእሳቸውን ጆንያ ብዛት በመጋዘን የቀረው የራሳቸው ሩዝ በጆንያ በሚመዝነው አማካይ አበዛነውና «ግምት» ብለን ጻፍነው። እሳቸው፣ ጸሐፊዋና የቁጥጥር ኮሚቴዋ ፈረሙበት። ግምት መሆኑን መጻፍ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ግምትን እንደ ሚዛን ቁጥር ማቅረብ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ሚዛኑ ትክክል ሆኖ ሩዙ ራሱ ውሃ ሊይዝ ይችላል። ለማከማቸት የሩዙ እርጥበት ከ14 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። እርጥበቱ 20 በመቶ የሆነ 100 ኪሎ ሩዝ ወደ 14 ሲደርቅ 93 ኪሎ ያህል ይሆናል። ሰባቱ ኪሎ ውሃ ነበር፤ ማንም አልሰረቀውም። ስለዚህ ሩዙን በሸራ ላይ አስጥተን፣ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ ሲሰበር እናምጣው።

ከእንግዲህ ሥራችን እንዲህ ይሆናል። ሚዛኑ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በባዶው ይታያል፤ ያለው ቁጥርም ይጻፋል። በተረጋገጠ ሚዛን የተመዘነ፣ አሸዋ የተሞላና አፉ የታሸገ ጀሪካን ክብደቱ ተጽፎበት ከሚዛኑ ጎን ይቀመጣል። በየጊዜው እሱን በማስቀመጥ ሚዛኑን እንፈትሻለን። ደረቅ አሸዋ ተዘግቶ ሲቀመጥ ክብደቱ አይለወጥም። ዝናብ ከጣለ ሚዛኑ ደርቆ በጀሪካኑ እስኪፈተሽ ድረስ ማንም አይመዝንም፤ የቸኮለ ገዢ ቢቆምም እንኳ። ማንኛዋም አባል «ጀሪካኑ ይቀመጥ» ብላ መጠየቅ ትችላለች፤ ጠያቂዋን ተጠራጣሪ ብሎ መውቀስ ክልክል ነው።

የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፤ በዘንድሮው ሪፖርት የተመዘነውና የተገመተው ሩዝ በሁለት ዓምድ ተለይቶ ታገኙታላችሁ። አንድ ላይ ቢደመር ገጹ ያምር ነበር። እኛ ግን መጽሐፉን ገልጣ ስሟን የምታነብ እናት ኪሎዋ ከየት እንደመጣ እንድታውቅ እንፈልጋለን። ማንበብ ለማትችለዋም ልጇ ወይም ጎረቤቷ ባለችበት እናነብላታለን።

ገንዘባችን ትንሽ ነው፤ መተማመናችን ግን ከዚህ አድርሶናል። እሱን እንጠብቀው።