ለሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ስለ መዘጋጀት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሙዚቃ ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር)







ከክበባችን አባላት መካከል የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ካለፉ በኋላ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ለመቅረብ፣ ከዚያም ጃዝ የተባለውን ሙዚቃ ለመማር የሚያስቡ አሉ። ታዲያ በጨፋ ሸለቆ፣ ፒያኖ በሌለበት ቤት ያደገ ልጅ እንዲህ ላለው ፈተና ሊበቃ ይችላልን? መልሳችን፣ አዎን፣ ይችላል የሚል ነው፤ ነገር ግን ዝግጅቱን ከዛሬ ከጀመረ ነው።

ጃዝ ከመቶ ዓመት በላይ በፊት በአሜሪካ፣ በኒው ኦርሊየንስ ከተማ፣ በጥቁሮች ዘንድ የተወለደ ሙዚቃ ነው። ዋናው ጠባዩም ተጫዋቹ ዜማውን እንደ ተቀበለው ካሰማ በኋላ፣ ባልደረቦቹ መሠረቱን ሲይዙለት እርሱ ከራሱ እየፈጠረ የሚጨምርበት መሆኑ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በሠርግ ቤት አውጪው ግጥሙን በቅጽበት እየፈጠረ ሲያወጣ፣ ተቀባዩ ደግሞ ምቱን በጭብጨባ ጠብቆ ሲመልስ ሰምተን አድገናል። መንዙማ አምልኮ ስለ ሆነ ከጨዋታ ጋር አናስተካክለውም፤ ቢሆንም ድቤውንና ቅብብሉን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሰማ ጆሮ ምት ምን እንደ ሆነ ያውቃል።

ከዚህም በላይ አንድ ትልቅ ሀብት አለን። የሀገራችን ሙዚቃ ዋና ዋና ቅኝቶች አራት ናቸው፤ እነርሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ የሚጠሩት በጎረቤቶቻችን ስም ነው። ባቲ በዚሁ በዞናችን ውስጥ ያለች፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ አምባሰልም ከእኛ በስተ ሰሜን በደቡብ ወሎ ይገኛል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ ይህን ሀብት ስለ ለመድነው ብቻ ልንንቀው አይገባም።

የዚህን ሀብት ዋጋ ለዓለም ካሳዩት ሰዎች ዋነኛው ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 በጅማ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ ዌልስ ተላኩ፤ ነገር ግን የሙዚቃ ተሰጥዎአቸው እዚያ ስለ ተገለጠ በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በቦስተን በርክሌ ሙዚቃ ተማሩ። በበርክሌ የተማሩ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እርሳቸው ናቸው። አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ስምምነትና ከላቲን ምት ጋር አዋሕደው ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ሙዚቃ ፈጠሩ፤ በርክሌም እ.ኤ.አ. በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። እንግዲህ ሙላቱ የሌላውን ጥበብ ጠንቅቀው ተማሩ እንጂ የራሳቸውን አልጣሉም።

በሀገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር ይሰጡበታል። ፒያኖ ተጫዋቹ ሳሙኤል ይርጋ በዚያ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 «ጉዞ» የተባለውን አልበሙን ለዓለም አሰምቷል።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንመለስ። በርክሌ አመልካቹን የሚፈትንበትን መንገድ ብንመለከት፣ ተዘጋጅቶ የመጣበትን ዜማ ያስጫውተዋል፤ በቅጽበት እንዲፈጥር ያደርገዋል፤ የሰማውን እንዲመልስ ይጠይቀዋል፤ ኖታ ያስነብበዋል፤ በመጨረሻም ያነጋግረዋል። የትም ብንፈተን እነዚህን አምስት ነገሮች ብንለማመድ አንጐዳም።

ስለ ጆሮ እንናገር። ክራር ከሁሉ የተሻለ አስተማሪ ነው። በዋናው ትዝታ ሲቃኝ ድምፁ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል፤ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብናደርጋቸው ሌላው የትዝታ ዓይነት ይወጣል። ባቲ ደግሞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ በእርሱም ሚንና ሲን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስናደርጋቸው ስሜቱ ወዲያው ይለወጣል። ይህን በየቀኑ በእጁ የሚቃኝና በአፉ የሚያዜም ተማሪ፣ ፈታኙ ከፒያኖ ላይ ድምፅ ሲያሰማው አይደነግጥም።

ስለ ፈጠራም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ አንድ አጭር የባቲ ዜማ ሳይሳሳቱ መጫወት፤ ቀጥሎ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ሳይነኩ መካከሉን ብቻ መለወጥ፤ ከዚያም አንዱ ምቱን ሲያጨበጭብ ሌላው እየፈጠረ እንዲጫወት፣ በኋላም ቦታ እንዲለዋወጡ ማድረግ ነው። በስልክ ቀድቶ ራስን ማዳመጥም ይጠቅማል፤ ስልክ አያሞግስም፣ አይቆጣምም።

ኖታ ግን ከሰፈር አይወረስም። እንደ ፊደል ተቀምጦ የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለብዙ ሰዓት ከመድከም በየቀኑ ሠላሳ ደቂቃ መማር ይሻላል። ብዙ ጊዜ የሚከብደንም ይኸው ነው፤ ስለዚህ አስቀድመን ልንጀምረው ይገባል።

ውድ ወላጆቻችን፤ ልጃችሁ ሙዚቃ ልማር ሲል «አዝማሪ ልትሆን ነውን?» ብላችሁ እንደምትሠጉ እናውቃለን። ሥጋታችሁ ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ አንቃወመውም። ነገር ግን ይህ መንገድ መጽሐፍ ለሚጥል ሰነፍ የሚሆን አይደለም። ብሔራዊ ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው በር አይደርስም። ሒሳቡንና ቋንቋውን ያጠና፣ ከዚያም ሠላሳ ደቂቃ ለክራሩ የሰጠ ልጅ፣ ጊዜውን አባከነ ሊባል አይችልም።

የመግቢያ ፈተናውን የማያልፍ ቢኖርስ? ይኖራል፤ ይህን አንሸሽግም። ይሁን እንጂ ኖታ ማንበብን የተማረ፣ የአካባቢውን ዜማ በወረቀት ላይ ማስፈር የቻለ ልጅ ባዶ እጁን አይቀርም። የሽማግሌዎቻችንና የእናቶቻችን ዜማ ባለቤቶቹ ሲያልፉ አብሮ እንዳያልፍ የሚጽፈው ሰው ያስፈልገዋል። እርሱም ከዚህ ከጨፋ ልጆች መካከል ቢነሣ ይመረጣል፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ይሰማልና።

ስለዚህ ልመናችን ሦስት ነው። መምህራኖቻችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ለአንድ ሰዓት ይፍቀዱልን። ወላጆቻችን በቤት ውስጥ ለሠላሳ ደቂቃ ድምፃችንን ይታገሡን። ጓደኞቻችንም ስንሳሳት ከመሳቅ ይልቅ ምቱን ያጨብጭቡልን።