ከዘመቻው ይልቅ ጎረቤት



በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ግንዱ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ጥንታዊ ደን አለ። ጎብኚዎች ቁርጥራጩን እየወሰዱ ስላስቸገሩ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ የተለያዩ ማስታወቂያዎች አቁመው ውጤቱን ለኩ። አንደኛው ከዚህ በፊት ብዙ ጎብኚዎች እየወሰዱ ፓርኩን እንደጎዱት ይናገራል፤ ሌላው አይውሰዱ ብሎ ይለምናል። ምልክት ተደርጎባቸው በመንገዱ ላይ ከተቀመጡት ቁርጥራጮች በመጀመሪያው ማስታወቂያ ጊዜ ከመቶ 8 ያህሉ ጠፉ፤ በሁለተኛው ከ2 በታች። ጎብኚው ከወቀሳው ውስጥ የሰማው «ሌላውም ይወስዳል» የሚለውን ነበር።

በእኛም አገር በየስብሰባው «ደኑ አለቀ፣ ሁሉም መጥረቢያ ይዞ ወጣ» እየተባለ ይቀሰቀሳል። ተናጋሪው ሊያስደነግጥ ነው የፈለገው። አድማጩ ግን ጎረቤቱ ሁሉ እየቆረጠ እርሱ ብቻውን ቢታቀብ የዋህነት ሆኖ ይታየዋል።

የጎረቤት በጎ ሥራ ከማስደንገጥ ይልቅ እንደሚያነሣሣ ምስክሩ እዚሁ አዊ ዞን ውስጥ አለ። በፋግታ ለኮማ ወረዳ መሬቱ አሲዳማ ሆኖ ምርት አሽቆልቁሎ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ መጀመሪያ የተከሉት ጥቂት ገበሬዎች ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል የበቀለው ሣር ለከብት ይታጨዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና ማሳው እንደገና ይታረሳል። ሌላው ገበሬ ይህን ሁሉ በአጥር ማዶ እያየ ነው ለመትከል የወሰነው። ጎረቤቱ ከደከመ መሬት ጤፍ ሲያፍስ፣ ከሰሉ በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ገንዘቡ ቤት ሲገባ አይቷል። በብዙ የአገሪቱ ክፍል ዛፍ ሲመናመን የፋግታ ለኮማ ኮረብታ አረንጓዴ ለበሰ።

ሌላዋ የአዊ ወረዳ ዳንግላ ደግሞ ሌላ መንገድ አሳይታለች። በዳንገሽታ ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ነዋሪዎች ራሳቸው ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውኃ እየለኩ መዝግበዋል። መረጃውን ከሌሎች ምንጮች ጋር ያመሳከሩት ተመራማሪዎች ጥራቱን መስክረዋል። የጉድጓዱን ውኃ በገዛ እጁ የለካ ሰው ስለ ውኃ መመናመን ባለሙያ እስኪነግረው አይጠብቅም።

ኩራትም ትልቅ ኃይል አለው። በካሪቢያኗ ሴንት ሉቺያ ደሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ከደሴቲቱ ውጭ የትም የማይገኝ በቀቀን ወደ 100 ገደማ ብቻ ቀርቶ ነበር። ፖል በትለር የተባለ ወጣት የጥበቃ ባለሙያና የደሴቲቱ ደን ሠራተኞች ወፉ የሕዝቡ መለያ መሆኑን በየትምህርት ቤቱ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ብሔራዊ ወፍ ተባለ፤ ቁጥሩም ከዚያ ወዲህ በብዙ እጥፍ አድጓል።

አዊ ይህን ዓይነት ኩራት ከማንም መዋስ አያስፈልጋትም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ኢንጅባራን በፈረስ ያጥለቀልቃታል። በዚያ አደባባይ የሚከበር ሰው ቃሉ በየቀበሌው ይደመጣል። በአዊ ያለውን የዘንገና ሐይቅ ለከበበው ደን ጠባቂ ከተፈለገ፣ ከደብዳቤና ከማኅተም አስቀድሞ ወደ ማኅበሩ ሽማግሌዎች መሄድ ይበጃል።

የዲከረንስ ታሪክ ግን በደስታ ብቻ አይነገርም። በአንድ ዓይነት ዛፍ የተሞላው ኮረብታ በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ ደርቋል፤ ገቢውን በእርሱ ላይ የጣለ ቤተሰብም ተጎድቷል። ሲጀመርም የአገር በቀሉን ደን ቦታ የሚተካ ዛፍ አልነበረም። ጎረቤትን አይቶ መከተል ጥሩውን እንደሚያስፋፋ ሁሉ ስህተትንም ያስፋፋል፤ ይህን ከእናንተ ከተመራቂዎቹ መካከል በግብርና፣ በትምህርትና በጤና ሥራ ወደ ገጠር የሚወርዱት ልብ ይበሉት። የዛፉ መድረቅ ያሳሰበው ገበሬ ምን ልትከል ብሎ ሲጠይቅ፣ በዚያው ቀበሌ ወይራ፣ ዋንዛ ወይም ብሳና ቀላቅሎ ተክሎ የተጠቀመ ሰው ይፈለግ። የገበሬዎች ጉብኝት በእርሱ ማሳ ላይ ይዘጋጅ፤ ባለሙያው ዳር ይቁም፣ ስለ ወጪውና ስለ ገቢው ባለማሳው ራሱ በአገውኛ ያስረዳ።