ሰንደቅ ዓላማ በወጣቱ እጅ ያለ አማና ነው

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይውረድ።

ውድ አድማጮች፣ በተለይም የዳንግላና የእንጅባራ ተማሪዎች! አንዳንድ ልጆች «ጧት በሰልፍ ለሰንደቅ ዓላማ መቆም አምልኮ አይሆንብንም ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ለእምነት ከመጠንቀቅ የመጣ ነውና ሊናቅ አይገባም።

ዒባዳ ለአላህ ብቻ ነው። ሩኩዕና ሱጁድ ለማንም፣ ለምንም አይሆንም። በሰልፍ መቆም ግን ጨርቁን ማምለክ አይደለም፤ አብሮ የመኖር ቃል ኪዳንን ማክበር ነው። ልዩነቱ ያለው በኒያው ላይ ነው።

ጀዕፈር ቢን አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) አስታውሱ። በሀገራችን በነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ እስልምና የተናገረው እርሱ ነው። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሙእታ ዘመቻ ዘይድ ቢን ሓሪሳ ሲወድቅ ዓርማውን ጀዕፈር አነሣ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ቀኝ እጁ ቢቆረጥ በግራው ያዘ፤ ግራውም ቢቆረጥ በክንዶቹ አቅፎ ሸሂድ ሆነ። ዐብዱላህ ቢን ረዋሓ ተረከበ፤ እርሱም ወደቀ። በመጨረሻ ኻሊድ ቢን አል-ወሊድ ይዞ ሠራዊቱን ከጥፋት አተረፈ። ከነዚህ ሰሓቦች ጨርቅ ያመለከ አንድም የለም። ዓርማው ሰው የሚሰበሰብበት ምልክት ስለሆነ ግን እንዲወድቅ አልፈቀዱም።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 በሰንደቅ ዓላማው ላይ ያለው ዓርማ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች እንዲሁም የሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት የመኖር ተስፋ እንደሚያንጸባርቅ ይደነግጋል። ሃይማኖቶች ሲል ሙስሊሙንም ማለቱ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች የሚወጡት በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ነው። ዓድዋ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ደሙን አፍስሷል። እንግዲህ አንተ ወጣት፣ ባንዲራውን የሰው ዕቃ አድርገህ አትየው።

የራስህ ከሆነ ደግሞ አማና አለብህ። በዓርማው ላይ ሰው ይከራከር ይሆናል፤ በሐሳብ መለያየት ያለ ነው። ነገር ግን ባንዲራ ለብሶ ጎረቤቱን የሚያስፈራራ፣ በስሙም የወንድሙን ደም የሚያፈስ፣ እርሱ ባንዲራውን በእጁ ይዞ ጥሎታል። ፈተናውን ሳይኮርጅ የሚፈተን፣ የሕዝብ ገንዘብ የማይነካ፣ የክርስቲያን ጎረቤቱን ቤት እንደ ቤቱ የሚጠብቅ ልጅ ግን ባዶ እጁን ቢሆንም ከፍ አድርጎ ይዞታል።

አላህ ሀገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ወጣቶቻችንን ይጠብቅልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።