በተራራ ላይ የቀረበ ስጦታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ሐረርን ቁልቁል በሚመለከተው በሐኪም ጋራ ላይ ቆመን፥ የጀጎል ግንብና በውስጡ ያለው ቤት ሁሉ ባንድነት ሲታየን፥ ቅዱስ ማቴዎስ በወንጌሉ በ4ኛው ምዕራፍ የጻፈው ነገር ትዝ ይለናል። ዲያብሎስ ጌታችንን ወደ ረጅም ተራራ አውጥቶ የዓለምን መንግሥታት ከነክብራቸው አሳየው፤ ሁሉን እሰጥሃለሁ አለው። ስገድልኝ ያለው ግን በመጨረሻ ነው። የአታላይ ሥርዓቱ ይህ ነው፤ ስጦታውን ያስቀድማል፥ ዋጋውን ያስከትላል።

ይህችው ሐረርም እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ ገብታ ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ከተፈረመ በኋላ፥ የሐረር ገዥ የነበሩት፥ በኋላም ራስ የተባሉት ደጃዝማች መኰንን ወደ ኢጣልያ ተላኩ። በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ በተፈረመው ተጨማሪ ውል የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተፈቀደ፤ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። ወዳጅነቱ ያማረ፥ ገንዘቡም ብዙ ነበር። ነገር ግን በውጫሌ ውል በ17ኛው ክፍል፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ሲል አማርኛው፥ የኢጣልያንኛው ቃል ግዴታ አድርጎት ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነገሩ በታወቀ ጊዜ፥ አንዴ ፈርሜአለሁ ብለው ዝም አላሉም፤ ብድሩን ከፈሉ፥ ውሉንም በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ። የቀረው ዋጋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በደም ተከፈለ።

እኛም በዚህ ነገር በድለናል። አንድ የቤት አባት ለምክር ወደ እኛ መጥቶ ነበር። የማያውቀው ሰው ገንዘቡን በሦስት ወር እጥፍ አድርጎ ሊመልስለት ቃል ገብቶለታል። «አባቴ፥ ነገሩ መልካም ነው፤ ልቤ ግን እንቢ አለኝ» አለን። እኛም ወንድምህን አትጠርጥር ብለን መለስነው። ገንዘቡን ሰጠ፤ ተቀባዩም እንደ ጤዛ ጠፋ፤ ለልጆቹ ትምህርት የተቀመጠው ሁሉ ሄደ። በወንድም ላይ መፍረድና ነገርን መመርመር የተለያዩ መሆናቸውን ያን ጊዜ አላስተዋልንም። በልቡ የሰማው እንቢታ ክፋት አልነበረም፤ እግዚአብሔር ለጥበቃ የሰጠው የኅሊና ደወል ነበር እንጂ። እርሱ ይቅር ብሎናል፤ እኛ ግን የመለስንለትን ቃል አልረሳንም።

ታዲያ መልካም ነገር ሁሉ ይጠርጠርን? አይደለም። ሔዋን የእባብን ቃል ሳትመረምር ተቀበለች፤ እመቤታችን ግን ከሰማይ በመጣው መልአክ ፊት እንኳ ይህ እንዴት ይሆናል ብላ ጠየቀች። ቅዱስ ገብርኤልም አልተቆጣም፤ አስረዳት፥ የኤልሳቤጥንም መፅነስ ምልክት አድርጎ ነገራት። እውነት ሲጠይቋት አትቆጣም። ሐሰት ግን ትቸኩላለች፤ ለማንም አትንገር ትላለች።

ስለዚህ ያልደከማችሁበት ትርፍ፥ ወይም ወደ ባሕር ማዶ የሚወስድ ቀላል መንገድ ሲቀርብላችሁ፥ ልባችሁም ሲያመነታ፥ በዚያች ቀን እጃችሁን አትዘርጉ። ጸልዩ፤ ነገሩን አሳድሩት፤ ለትዳር ጓደኛችሁና ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ወረቀቱንም የሚያውቅ ሰው ያንብብላችሁ። እውነተኛ ስጦታ ከሆነ ነገም ይቈያል። አስቀድማችሁ ገብታችሁበት እንደ ሆነም፥ ከኀፍረት የተነሣ ወደ ፊት አትሂዱ፤ ተመለሱ። እኛ ካህናትም «ልቤ እንቢ አለኝ» የሚለውን ሰው ከመገሠጻችን በፊት እንስማው።

በተራራው ላይ ፈታኙን ያሳፈረ ጌታ የምንመረምርበትን ልቡና ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።