«ሲጋራ አቁሜያለሁ» ላለ ሰው ምርመራ ለምን?

(በካምፑ ሬዲዮ የጤና ዝግጅት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሳው አንዳንድ ሰው ቅር የሚሰኝበትን ጉዳይ ነው። ሲጋራ ለማቆም ሕክምና የጀመረ ሰው ከሳምንታት በኋላ «አቁሜያለሁ» ብሎ ሲመጣ፣ ባለሙያው «እስቲ እዚህ ላይ ይተንፍሱ» ይለዋል። «ቃሌ አልታመነም ማለት ነው?» ብሎ የሚቆጣ አለ። ቁጣው ይገባናል፤ ግን ምክንያቱን እንስማ።

ሲጋራ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ደም ውስጥ ይቆይና ቀስ በቀስ በትንፋሽ ይወጣል። ተመርማሪው 15 ሰከንድ ያህል ትንፋሹን ይዞ በካርቶን ቱቦ ቀስ ብሎ ሲነፋ፣ መሣሪያው ከአንድ ሚሊዮን እጅ ትንፋሽ ስንቱ እጅ ጋዝ እንደሆነ በቁጥር ያሳያል። በእንግሊዝ አገር የማጨስ ማቆሚያ አገልግሎቶች ሰውየው ካቆመ ከ4 ሳምንት በኋላ ይህን ይለካሉ፤ ከ10 በታች ከሆነ ቃሉ ተረጋገጠ ይባላል። በ2020 እ.ኤ.አ. የትምባሆ ተመራማሪዎች መለያው ወደ 5 ወይም 6 ዝቅ እንዲል መክረዋል።

መሣሪያው ግን ሁሉን አያውቅም። ጋዙ በአንድ ቀን ገደማ ስለሚወጣ ትናንት ጠዋት ያጨሰ ሰው ዛሬ ያላጨሰ ሊመስል ይችላል። ሱረትንም አይለይም። በአንጻሩ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዳ ስታበስል የዋለች እናት፣ ሲጋራ በአፏ ሳይዞር ቁጥሯ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ከመንፋታችሁ በፊት በምን ስታበስሉ እንደዋላችሁ ንገሩ። በከሰል የመጣ ቁጥርም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ያው መርዝ ነው፣ በርና መስኮት ክፈቱ። «እኔ ሺሻ እንጂ ሲጋራ አላጨስኩም» የሚልም አይጠፋም። ሺሻው የሚጨሰው በከሰል ስለሆነ ቁጥሩን በጣም ያወጣዋል!

ሌላው ምርመራ በሽንት ወይም በምራቅ ኮቲኒንን መፈለግ ነው። ይህ ሰውነት ኒኮቲንን ሲሰባብር የሚፈጠር ነገር ሲሆን ለቀናት ይቆያል። ችግሩ ለማቆም የሚረዳው የኒኮቲን ማስቲካና ቆዳ ላይ የሚለጠፈው መድኃኒትም ኮቲኒን ያሳያሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሲጋራ ጭስ ጉበታችን አንዳንድ መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ለአስም የሚሰጡት አሚኖፊሊንና ቴኦፊሊን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን ከነዚህ ውስጥ ናቸው። አጫሹ ሲያቆም ያው የድሮው መጠን በደሙ ውስጥ ይበዛበታል። በቴኦፊሊን ማስመለስ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ሲብስም መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል። ሰውየው ሳያቆም «አቁሜያለሁ» ብሎ ከሆነስ? የተቀነሰው መድኃኒት አይበቃውም፤ አስሙ ሌሊት ይነሳበታል። እንግዲህ ውሸቱ የሚጎዳው ማንን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳትቀንሱ ወይም እንዳትተዉ፤ ማቆማችሁን አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። (በነገራችን ላይ ቡናም እንዲሁ ነው። ሲጋራ ያቆመ ሰው የለመደው ሦስት ስኒ እንቅልፍ ቢነሳው አይገረም፤ ይቀንስ።)

መሣሪያ በሌለበት ክሊኒክ ባለሙያው «ባለፉት 7 ቀናት አንድ ጊዜ እንኳ ስበዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ቅዳሜ ጫት ላይ ሁለት ሲጋራ ያጨሰ ሰው ሁለት ብሎ ይናገር። በ2005 እ.ኤ.አ. ሮበርት ዌስት የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ባወጡት የጥናት መመዘኛ፣ በ6 ወር ውስጥ እስከ 5 ሲጋራ ያጨሰ ሰው በትንፋሽ ምርመራ ከተረጋገጠለት እንዳቆመ ይቆጠራል። በቀጠሮው ሳይመጣ የቀረ ግን እንዳጨሰ ይጻፋል። ስለዚህ አጭሳችሁም ቢሆን በቀጠሯችሁ ቀን ኑ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ከሰል ጭስና ስለ ሕፃናት ሳል እንነጋገራለን።